ኦም ዜት እና የጓሮው ኬናሪ

ኦም ዜት ሳሁሊካ፣ ኦም በኛ ዘንድ «ጋሼ» እንደማለት ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር አይችሉም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በልባቸው ሲጸልዩ እንኳ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለማን እንደሚጸልዩ ይሰማል። ሚስታቸው ማማ ዶርቼ፣ «የጌታ ጆሮ ደህና ነው፤ ለጎረቤት እዘን» ይሏቸዋል። ኦም ዜት ግን ድምፁ የተሰጣቸው ለሥራቸው ነው ብለው ያምናሉ። እኔም ዕድሜዬ ሲገፋ ያንኑ እያመንኩ መጥቻለሁ።

ሥራቸው ደን መጠበቅ ነው፤ በደሴታችን ኬዋንግ እንለዋለን። ኬዋንግ ደመወዝ የለውም፤ የደንብ ልብስም የለውም። ያለው አንድ የሚነፋ የባሕር ዛጎል፣ አንድ ገጀራ እና ዘመድ አዝማዱን ሁሉ የማስቀየም ሥልጣን ነው። ኦም ዜት ሹመቱን ከአባታቸው ከተረከቡ ጀምሮ በተለይ በሥልጣኑ በደንብ ተጠቅመዋል። የፓስተራችንን ባለቤት፣ መንገድ ላይ የወደቀ ማንጎ አንስተው ሲልጡ አግኝተዋቸው፣ «እሜቴ፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ ሦስትን አንብበውታል?» ብለዋቸዋል። ታናሽ ወንድማቸውን ኦም ቶንቺን ደግሞ ከጊዜው በፊት ኮኮናት በማውረዳቸው፣ ኮኮናቱን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በከበሮ መንደሩን አዙረዋቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ የሚነጋገሩት በሰው በኩል ነው። ኦም ቶንቺም የመንደሩን ከበሮ ቤታቸው ወስደው አልጋ ሥር ከተውታል፤ ሁለተኛ እንዳይመታባቸው።

ነገሩ ሳሲ ስለሚባለው ሕጋችን ነው። ፍሬ ማንዠርገግ ሲጀምር ፓስተራችን እሑድ ምእመናኑ ፊት ቆመው ይጸልዩና ደኑን ይዘጉታል። ወሰኑን የሚያውጀው ግን ኬዋንጉ ነው፤ ዛጎሉን እየነፋ በየመንገዱ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ እስኪከፈት ድረስ መቅጠፍ ቀርቶ የወደቀ ማንሳትም የለም። በየመግቢያው ለጋ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት እንጨት ይተከላል፤ እሱን አልፎ የገባ ሰው የሚጣላው ከኬዋንጉ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከጸሎቱም ጋር ነው። ሲከፈት መንደሩ እንዳለ ይወጣል፤ ለቅሞ ይካፈላል፤ መበለቶችም ቤተ ክርስቲያንም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ሕጉን የጣሰ ሰው የነካውን ፍሬ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከበሮ እየተመታለት፣ በየበሩ «እንደ እኔ አታድርጉ» እያለ ይዞራል። ከዚህስ እስር ይሻለናል የሚሉ አሉ።

ከመንደራችን በላይ ያለው ተረተር በሙሉ የኬናሪ ደን ነው። ሥሮቻቸው እንደ ግድግዳ የቆሙ፣ መንገደኛ ከዝናብ የሚጠለልባቸው ዛፎች ናቸው። ፍሬውን በድንጋይ ሰብሮ የቀመሰ ሰው ለውዝ ዳግመኛ አያምረውም። በጥላቸው ሥር የገውዝ ዛፎቻችን ይኖራሉ፤ ገውዝ እንደ ሙሽራ ነው፣ ፀሐይ አይወድም። ከዛፎቹ እግር ሥር ምንጩ ይፈልቃል፤ ምንጩ ወርዶ የሳጎውን ረግረግ ያጠጣል፤ ከሳጎው በታች ደግሞ እኛ አለን። ልጆቻችንን ያስተማረው የገውዝ ገንዘብ ነው፤ ሆዳችንን የሚሞላው ከግንዱ ዱቄት የምናወጣበት ሳጎ ነው። ባሕር ውስጥ ከገባው የደሴቱ አፍንጫ ወዲያ ያለው መንደር ተረተሩን ለእንጨት ነጋዴ ከሸጠ ወዲህ ምንጫቸው በዝናብ ወራት ጭቃ ይተፋል፣ በበጋ ደግሞ ጭራሽ ይረሳቸዋል። ገውዛቸውም በፀሐይ ተቃጥሎ አለቀ። አሁን በጀልባ እየመጡ ከኛ ውኃ ይቀዳሉ። እኛም ደስ እያለን እናስቀዳቸዋለን፤ ትንሽ ትንሽ እየሰበክንባቸው።

በዚያ ዓመት ኦም ዜትን አንድ ነገር አስከፍቷቸው ነበር። ከጥንት ጀምሮ በሰው ጓሮ ያለ ኬናሪ ከሳሲ ነፃ ነው። አንዳንድ ብልጦች ታዲያ ከተረተሩ የለቀሙትን ይዘው ሲያዙ «ከጓሮዬ ነው» ማለት ለመዱ። ጓሮው ውስጥ የሙዝ ተክል ብቻ ያለው ሰው ሁሉ «ከጓሮዬ» ይል ጀመር። ኦም ዜት ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ፤ ከፓስተሩና ከሹማችን ከራጃ ኮርኔሊስ ጋር ተነጋግረው ወሰኑን አሰፉት። ያን እሑድ ዛጎላቸውን ነፍተው፣ «ዘንድሮ በዱርም በጓሮም ያለ ኬናሪ ሁሉ ተዘግቷል» እያሉ መንደሩን ዞሩ። ዶሮዎች ከቆጥ ወረዱ።

ኖኪ የመጣው ሳሲው ከተዘጋ በኋላ ነው። ኖኪ የከተማ እንጨት ነጋዴ ነው፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ለሰላምታም ለሐዘንም የሚስቅ ሰው። ለራጃ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ብስኩት ይዞ መጣ፤ ከብስኩቱ ጋርም ሐሳቡን። የተረተሩን ትላልቅ ዛፎች ይገዛል፤ በምትኩ ለቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ጣራ፣ ለመንደሩ ጄኔሬተር። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። የጣራው ነገር እኛን ሽማግሌዎቹንም ፈትኖናል፤ በዝናብ ጊዜ ስብከት የምንሰማው ጃንጥላ ይዘን ነበርና። ራጃ ወደ መሸጡ አዘነበሉ። ከሁሉ አብልጠው «ይሸጥ» የሚሉት ግን ኦም ቶንቺ ነበሩ። ለምን ቢባሉ፣ «ጄኔሬተሩ እሱ ሲጮህ እንዳልሰማው ይረዳኛል» ይላሉ።

በባሕላችን ግን ኬዋንጉ የመንደሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ እንቢ ካለ መጥረቢያ ወደ ተረተሩ አይወጣም፤ ዝም ካለ ግን እሺ እንዳለ ይቆጠራል። ኦም ዜት እንቢ ሊሉ ነው። ንግግራቸውን ደን ውስጥ ሲለማመዱት ርግቦቹ ወደ ሌላ ደሴት ተሰደዱ ተብሎ ተወርቷል። ኖኪም ይህን ስለሰማ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄዶ ሊያግባባቸው ፈለገ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራጃን፣ ፓስተሩንና እኔን አስከትሎ መጣና በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። ማማ ዶርቼ ሻይና ትኩስ የሳጎ ቂጣ አቀረቡ።

«ኦም፣ እኔ ደን የምጠላ ሰው አይደለሁም» አለ ኖኪ። «ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ እንጨት ነው።»

«ድመትም ዓሣ ይወዳል፣ ልጄ» አሉ ኦም ዜት።

ኖኪ ሳቀና ቂጣውን ገመጠ። ኦም ዜት ለስብሰባው ያዘጋጁትን ንግግር እዚያው ጀመሩት። ስለ ምንጩ ተናገሩ፣ ስለ ገውዙ ተናገሩ፣ ከአፍንጫው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ባልዲ ይዘው ስለሚመጡበት ሁኔታ ተናገሩ። ወደ ሳሲው ሲደርሱ ድምፃቸው ብርጭቆዎቹን አንቀጠቀጠ።

«ሳሲ ቃል ነው። ይሄ ደን የቆመው በጠባቂ ብዛት አይደለም፣ በዚህ ቃል ነው። አሁን ከተረተሩ እስከ ባሕሩ፣ በዱርም በጓሮም፣ አንዲት ኬናሪ የነካ ሰው በዚህ መንደር የለም። ብላ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ?»

«እየበላሁ ነው። ይሄ ቂጣ ጉድ ነው፣ ኦም። ውስጡ ያለው ኬናሪ ትኩስ ይመስላል፤ እኛ ከተማ የምናገኘው የሻገተውን ነው።»

«ሻጋታ እኔ ቤት ምን ሊሠራ? ዛሬ ጠዋት የወደቀ ነው፣ ከጓሮዬ» አሉ ኦም ዜት፣ በኩራት።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ራጃ ማኘካቸውን አቆሙ። ፓስተሩ የጎረሱትን መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ጉንጫቸው እንዳበጠ ቀሩ። እኔ ሁለት በልቼ ሦስተኛውን እያየሁ ነበር፤ ዓይኔን አነሳሁ። ኦም ዜት የተናገሩት ነገር ቀስ ብሎ ሲገባቸው ከፊታቸው አየሁ።

ማማ ዶርቼ ሌላ ትሪ ይዘው ብቅ አሉ። «ምነው ዝም አላችሁ? አልጣማችሁም?»

«ዶርቼ» አሉ ኦም ዜት። «ኬናሪውን ከየት አመጣሽው?»

«ከየት አመጣዋለሁ? ሁልጊዜ ከማመጣበት ነዋ፤ ከኩሽናው ጀርባ።»

«ሳሲ ነው እኮ።»

«ሳሲ ተራራ ላይ ነው።»

«ዘንድሮ ጓሮም ነው። አውጄ የለ እንዴ? ዛጎል ነፍቼ፣ እዚሁ ደጃችን ላይ ቆሜ።»

ማማ ዶርቼ ትሪውን አስቀመጡ። «አንተ ስትጮህ እኔ አልሰማም» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «መስማት ያቆምኩት ልጆቹ ሳይወለዱ ነው። እንዲያ ባላደርግ እስከ ዛሬ በሕይወት እኖር ነበር?»

ኖኪ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋና ድምፁን አለሰለሰ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነጋዴ እንጂ። «ኦም፣ ምንም አልተፈጠረም። ከዚህ በረንዳ አይወጣም። እኔ ዛሬ ዝም እላለሁ፤ እርስዎ በስብሰባው ዕለት ዝም ይላሉ። አለቀ።»

ራጃ ወዲያው፣ «ቂጣ እኮ ነው» አሉ። «ለቂጣ ሰው አይሰቀልም።»

ኦም ዜት ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ታመው መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ ግን ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ኬዋንጉ በስብሰባው ላይ ዝም ካሉ ተረተሩ ይሸጣል። ከተናገሩ ደግሞ ኖኪ ቂጣውን ያነሣል፤ የገዛ ሕጋቸውን በልተው የደበቁ ሰው ማን ይሰማቸዋል? ያልተቀጣ ጥሰት ደግሞ ሳሲውን ይገድለዋል። ለጠባቂው ያልሠራ ሕግ ለማንም አይሠራም።

«ቶንቺን ጥሩልኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን?» አሉ ራጃ።

«ከበሮው እሱ ጋ ነው።»

ማማ ዶርቼ የባላቸውን ሐሳብ ሲረዱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «አንተ የት ትሄዳለህ? የለቀምኩት እኔ፣ የሰበርኩት እኔ፣ የጋገርኩት እኔ። የምዞረው እኔ ነኝ።»

«ቤቱ የኔ ነው፣ ዛፉ የኔ ነው፣ አዋጁም የኔ ነው።»

«ዛፉ የእናቴ ጥሎሽ ነው፣ እንዳትዋሽ።»

«ባል እያለ ሚስት ስትቀጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሚስት ጋግራ ባል ሲመሰገን ግን ሁልጊዜ አያለሁ።»

ጥፋትን እንዲህ የተሻሙ ባልና ሚስት አጋጥመውኝ አያውቁም። ፓስተሩ ጉንጫቸው ውስጥ ያለውን በመጨረሻ ዋጡና አስታረቋቸው፤ ኦም ዜት ይዞራሉ፣ ማማ ዶርቼ ከበሮውን ይመታሉ። ማማ ዶርቼ ፊታቸው በራ። «እንደሱ ከሆነ ይሁን» አሉ። «ይህንንስ ማንም አይነጥቀኝም።»

በማግሥቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ኦም ዜት ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ በገመድ የተሰካ ኬናሪ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወረዱ። ማማ ዶርቼ ከኋላቸው ከበሮውን ይመታሉ፤ ለአንድ እጥፍ ቅጣት ሁለት እጥፍ ምት። «እኔ ዜት ሳሁሊካ፣ በሳሲ ጊዜ ኬናሪ በላሁ። እንደ እኔ አታድርጉ።» ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አለመቻላቸው የዚያን ቀን ጎዳቸው። ከአፍንጫው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሰምተው፣ ማን ሞተ ብለው በሁለት ጀልባ መጡ። ማንም እንዳልሞተ ሲነገራቸው አልተመለሱም፤ ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

የፓስተሩ ባለቤት ደጅ ሲደርሱ፣ እሜቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ኦም ዜት፣ ምዕራፍ ስንት ነበር ያሉኝ?» አሏቸው።

«ሦስት» አሉ ኦም ዜት፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅነው ሆነ። ፓስተሩ ከኪሳቸው በክር የታሰረ ኬናሪ አውጥተው አጠለቁ። «እኔም ነክሻለሁ» አሉ። «ደግሞ ጣፍጦኝ ነበር።» እኔስ ምን ልበል? ሁለት የበላሁ ነኝ፤ ተከተልኩ። ራጃ ኮርኔሊስ ወደ ሕዝቡ መሐል ሊቀላቀሉ ሲሉ ማማ ዶርቼ ከበሮውን አቆሙ።

«ራጃ፣ ወዴት ነው?»

«ማማ፣ እኔ ሹም ነኝ።»

«ሹም አፍ የለውም እንዴ? ይኸው ክር፣ ይኸው ፍሬ።»

ራጃም አጠለቁ። ማማ ዶርቼ ኖኪን አንድ በረንዳ ላይ ሆኖ ሆዱን ይዞ ሲስቅ አዩት።

«አንተስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማማ።»

«እንግዳ አንድ ይበላል። አንተ ትሪውን ነው የጨረስከው።»

ኖኪ እየሳቀ ወረደ። ለንግዱ የሚጠቅመው መስሎት ይሆናል፤ ሕዝብ የሚወደው ሰው ደን መግዛት አይቸግረውም። በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ፣ በየበሩ ከኛ ጋር «እንደ እኔ አታድርጉ» አለ። ከሁላችንም ይልቅ እሱ ያምርበት ነበር።

የመጨረሻው ቤት የኦም ቶንቺ ነው። ወንበር አውጥተው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ጠብቀዋል። ኦም ዜት ፊታቸው ቆመው ቃሉን አሉ።

«አልሰማሁም» አሉ ኦም ቶንቺ።

ኦም ዜት ደገሙት። ከባሕሩ ዳር ወፎች ተነሡ።

«ጓዳ ያለችው ሚስቴ አልሰማችም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ። «ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው፣ ተወው።»

ኦም ቶንቺ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ወንድማቸውን ትኩር ብለው አዩ። የኦም ዜት ነጭ ሸሚዝ በላብ ርሷል፤ ገመዱ አንገታቸውን ልጦታል። ከወንድማቸው ኋላ ፓስተሩ አሉ፣ ከፓስተሩ ኋላ ራጃ፣ ሁሉም ፍሬያቸውን አንጠልጥለው። ኦም ቶንቺ በተራቸው ጊዜ ብቻቸውን ነበር የዞሩት። ሻያቸውን አስቀመጡና ተነሡ።

«ራጃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ።

«ጠይቅ፣ ቶንቺ።»

«እኔ ለኮኮናት ኮኮናት አንጠለጠልኩ። እናንተ ለወደቀች ፍሬ ፍሬ አንጠለጠላችሁ። ዛፉን የሸጠ ሰው ምን ሊያንጠለጥል ነው? ግንዱን?»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ፤ ማንም አዲስ ሳቅ አልጀመረም። ራጃ ኮርኔሊስ አንገታቸው ላይ ያለችውን ፍሬ በሁለት ጣት ይዘው ተመለከቷት። አሁን በየበሩ ሲሉት የመጡትን ሁላችንም ሰምተናል፤ ጎረቤቶቻችንም በሁለት ጀልባ መጥተው ሰምተዋል። በዚያ አፍ ስብሰባ ላይ ቆመው ምን ይበሉ?

«ያ ስብሰባ» አሉ ራጃ፣ «አሁን እዚሁ የተደረገ ይመስለኛል።»

«እኔም አሁን አንድ ነገር እላለሁ» አሉ ኦም ዜት። ያዘጋጁትን ረጅም ንግግር ሊጀምሩ ነው ብለን ደነገጥን። «እንቢ» ብለው ብቻ ተቀመጡ፤ በወንድማቸው ወንበር ላይ። ኦም ቶንቺ የጀመሩትን ሻይ ሰጧቸው፤ በሰው በኩል ሳይሆን በገዛ እጃቸው።

ኖኪ ክሩን ከአንገቱ አላወለቀም። ጀልባ መቆሚያው ላይ ጀልባው ሲጠብቀው ኦም ዜት ሊሸኙት ወረዱ፤ እኔም ተከትዬአቸው ነበር።

«አልተቀየምኩም፣ ኦም» አለ። «የከሰራችሁት እናንተ ናችሁ። ጣራችሁ ያፈሳል።»

«ያፈሳል» አሉ ኦም ዜት። «ሳሲው ሲከፈት ና።»

«ለእንጨት?»

«ለለቀማ። በሕግ የተለቀመ ኬናሪ ከተማ ወስደህ ብትሸጥ የሚከለክልህ የለም። ስትበላ አይቼሃለሁ፤ ዕቃውን ታውቀዋለህ።»

ኖኪ ሳቀ፤ እንደሚመጣ ግን አልተናገረም። እኛም አልጠበቅነውም።

ሳሲው የተከፈተ ዕለት ፓስተራችን ምንጩ አጠገብ ቆመው አመሰገኑ። ሕዝቡ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ተረተሩ ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ከታች እያለከለከ መጣ፤ ጫማው ተራ የጎማ ጫማ ነው፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ አለ። ኦም ቶንቺ መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

«ቦርሳውን ክፈት» አሉት። «መጋዝ እንዳይኖር።»

ኖኪ ቦርሳውን ከፍቶ ገለበጠው። ባዶ ጆንያዎችና በቅጠል የተጠቀለለ ምሳ ወደቁ። ኦም ቶንቺ ምሳውን አንስተው አሸተቱና መለሱለት፤ ከዚያ ቅርጫታቸውን አሸከሙትና ወደ ጥላው አብረን ወጣን።